የስልኳ እህት

ወንድሜ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ያጣው፣ አይቷቸው የማያውቃቸው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያዎች በአንድ ዓይነት ኔትወርክ መሥራት ስላልፈለጉ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይስቃል፤ ነገር ታካብዳለች ይላል። ይሳቅ። ነጠላዬ ላይ የፈሰሰውን ደም ደጋግሜ አጥቤ ያልለቀቀልኝ እኔ ነኝ።

ሱቃችን ቦንጋ ገበያው መግቢያ ላይ ነበር። አባቴ እኔ ከመወለዴ በፊት ከሩቅ አገር ለንግድ መጥተው በሺሺንዳና በዋጫ ገበያ ጨርቅ ሲያዞሩ ኖረው፣ በመጨረሻ ቦንጋ ላይ ባለ ሁለት በር ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። በአንዱ በር እኔ ሻርፕና ጨርቅ እሸጣለሁ፤ በሌላው ታላቅ ወንድሜ ስልክ ይጠግናል። ጊዜው ከሚሊኒየሙ ማግስት ነው። ሞባይል ቦንጋ ከገባ ብዙም አልቆየም፤ ሲም ካርድ ያገኘ ሰው መንገድ መሀል ቆሞ እየጮኸ ነበር የሚያወራው፣ ዝም ብሎ ለሚያልፈውም እንዲሰማ።

ወንድሜ ሙያውን የተማረው መርካቶ ነው። ስልክ ጠጋኝ ሁሉ ሌባ ነው በሚባልበት ዘመን የስልክ ጠጋኝ እህት መሆን ቀላል አልነበረም። ሰው ስልኩን ከማስረከቡ በፊት ባትሪው ላይ በሚስማር ጭሮ ምልክት ያደርጋል፤ ኦሪጅናሉን ወስዶ ፎርጅዱን ይሰጠኛል ብሎ ይሰጋላ። አንዳንዱማ እዚያው ፊታችን ነው የሚጭረው። ወንድሜ ምንም አይመስለውም፣ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ይሠራል። የምናደደው እኔ ነበርኩ።

ማንኪራ ከሚባለው የቡና ጫካ የሚመጣ፣ የማንኪራው ሰው የምንለው ደንበኛ ግን ስልክ ሳይኖረውም በፊት የቤታችን ሰው ነበር። ንብ አናቢ ነው፤ ላዩን ለማየት አንገት የሚያሳምም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ይሰቅላል፣ የጫካ ቡና ይለቅማል፣ የውጭ አገር ሰዎች ሲመጡ ደግሞ ጫካውን ያስጎበኛል። ማር ይዞ ሲመጣ አባቴ ከወንበራቸው ተነስተው ነበር የሚቀበሉት። ሳቁ ከሱቅ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። እወደው ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ አፌን እየመረረኝ ነው፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ አሜሪካዊ ቱሪስት ማንኪራ ጫካ ውስጥ አንሸራቶት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። መኪና ለመጥራት ስልኩን አውጥቶ ወደ ሰማይ ቢያነሳው፣ ቢያዞረው፣ ስልኩ በራ እንጂ መስመር አልያዘም። የማንኪራው ሰው ቱሪስቱን አዝሎ፣ ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተ፣ መኪና እስከሚቆምበት አወረደው። ሰውየው ሲሰናበተው ያንኑ ስልክ አውጥቶ በእጁ አስጨበጠው። ቀይ ነበር፤ የሚታጠፍ፣ በውጭም በውስጥም መስታወት ያለው፣ ፎቶ የሚያነሳ። ቦንጋ ላይ እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ባለሥልጣን እንኳ አልነበረም። ስጦታው ከልብ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም ያን ቱሪስት እስከ ዛሬ ስረግመው እኖራለሁ።

ለማንኪራው ሰው ያ ስልክ ጌጥ አልነበረም። ሆቴሎቹ እንግዳ ሲመጣ የሚደውሉት ስልክ ላለው አስጎብኚ ነው፤ እሱ ጫካ ውስጥ ሆኖ ሥራው ሁሉ ለሌላ ሲሄድበት ኖሯል። ስለዚህ ሲም ካርዱን በጨርቅ ቋጥሮ፣ ስልኩን በደረት ኪሱ ይዞ፣ ፊቱ እየበራ ሱቃችን መጣ።

«ሲሙን አስገባልኝ» አለው ወንድሜን። «ከዛሬ ጀምሮ እኔም ሰው ነኝ።»

ወንድሜ ጀርባውን ከፈተ፣ ባትሪውን አወጣ፣ ወደ ብርሃን አዞረው። ቆየ። እንደገና አዞረው።

«ዛሬ እዚህ ይደር። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ፈትቼ ልየው» አለ።

«ይደር ምን ቸገረኝ!» ብሎ የማንኪራው ሰው እየሳቀ ሄደ። ባትሪው ላይ በሚስማር አልጫረም። አምኖን ነው የሄደው።

ወንድሜ መርካቶ ወዳለው የሙያ ጓደኛው ደወለ። ጓደኛው ሳቀበት። አሜሪካ ውስጥ የስልክ ኩባንያዎች በሁለት ዓይነት ኔትወርክ ነው የሚሠሩት አለው። አንዳንዶቹ እንደኛው በሲም የሚሠራውን ጂኤስኤም ይጠቀማሉ። ሌሎቹ ሲዲኤምኤ የሚባለውን ይዘዋል፤ የነሱ ስልክ ሲም የሚባል ነገር አያውቅም፣ ኩባንያው ቁጥሩን ገና ሲሸጠው ሆዱ ውስጥ ይቀብርበታል። ያ ቀይ ስልክ ከሁለተኞቹ ወገን ነው። እኛ አገር መቼም አይጮኽም፤ ቢጠግኑት፣ ቢያለቅሱበትም አይጮኽም።

በማግስቱ የማንኪራው ሰው ሲመጣ ወንድሜ ስልኩን ገጣጥሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቀው።

«ይህ ስልክ ሲም ማስገቢያ የለውም» አለው። «እኔ አላጠፋሁትም። ፋብሪካ ሲሠራም አልነበረውም።»

ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ጀርባውን ከፈተ፤ የባትሪውን ሥር በጣቱ ዳሰሰ፣ ደጋግሞ ዳሰሰ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

«ሲም ቤቱ የታለ?»

«የለም እኮ ነው የምልህ። አሜሪካ ሁለት ዓይነት ኔትወርክ ነው ያለው፤ ይህኛው…»

«ስልክ ስልክ ነው! ሰው አገር ስለቀየረ ምላሱ ይወጣል እንዴ? የዚህን ምላስ ማን አወጣው?» ስልኩን ወንድሜ ፊት ላይ ወዘወዘው። «ምልክት ሳላደርግ፣ እንደ ወንድም አምኜህ!»

ወንድሜ እጁን ሊዘረጋለት ሲል ሰውየው የጠረጴዛውን መስታወት ከነመደቡ አንስቶ ግንባሩ ላይ ከሰከሰው። ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። ወንድሜ ወደ ኋላ ሲወድቅ የመሣሪያው ሳጥን ተገልብጦ ብሎኑ ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። የሚጋለውን መበየጃ ከነገመዱ ነቅዬ የሰውየው ክንድ ላይ ለጠፍኩት። ሥጋው ሲጠበስ ሰማሁት፤ አላዘንኩም። እሱም በጥፊ ሲመታኝ ጆሮዬ እስከ ማታ ጮኸ። ጎረቤት ገብቶ እስኪገላግለን ድረስ ሱቁ ውስጥ ያልተሰበረ ነገር አልቀረም።

ፖሊስ መጣና ሁለቱንም ወስዶ «በሽማግሌ ጨርሱ» ብሎ ለቀቃቸው። ነገሩ ግን ቀድሞ ገበያ ገብቶ ነበር። ፈረንጅ የሰጠውን ስልክ አንጀቱን አወጡበት ተባለ። ከማንኪራ አልፎ ሌላ ሰፈር ሲደርስ ደግሞ ወርቅ ነበረበት ተባለ። በገበያው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ የመጀመሪያው ድንጋይ የሱቃችንን ቆርቆሮ መታ። ከዚያ ዘነበብን። «ሌባ!» ሲሉ አባቴ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። «መጤ ሌባ!» የሚል ድምፅ ሲሰሙ ግን በሩን ከፍተው ወጡ፤ ሊያናግሯቸው፣ ከመካከላቸው የሚያውቋቸውን ሰዎች በስም ሊጠሩ። አፋቸውን በድንጋይ ተመቱ። ጎትቼ ሳስገባቸው ጥርሳቸውን በመዳፋቸው ይዘው ነበር።

ያን ዕለት በሩን ዘግተን ውስጥ ተቀምጠን፣ ውጭ እየጮኹ፣ አባቴ ወንድሜን ቀና ብለው አዩት። ከንፈራቸው አብጦ ቃሉ በደንብ አይወጣም።

«ልጄ፣ ወስደህ ከሆነ መልስለት።»

 ወንድሜ ግንባሩ ላይ ካለው ፋሻ ሥር ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየው። እኔ ነኝ የጮኽኩት፤ በአባቴ ላይ በሕይወቴ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ ግን ዝም እንዳለ ተነስቶ የተበተነውን ብሎን መልቀም ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ከማንም የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አልሰረቀም መባል።

ሽማግሌዎቹ ከገበያው ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ዋናው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ግማሹን ከተማ ያስተማሩ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው። ከኛም ከነሱም ወገን ሰው ሞልቷል። ጋሼ የሁለቱንም ቃል ሰምተው ሲያበቁ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ነገሩ የላም ቢሆን እናቷን አይተን እንፈርድ ነበር። የዚች ስልክ እናት ሩቅ ናት፤ እህቷ ግን ትመጣለች። ከአሜሪካ እንግዳ ሲመጣ ስልኩን እዚህ በሁላችን ፊት እናስከፍታለን። ሲም ቤት ከሌላት፣ የማንኪራው ልጄ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ካላት ደግሞ አንተ ጠጋኙ ድንጋዩን ተሸክመህ የወሰድከውን ትመልሳለህ። አስቀድሞ ከፍቶ የሚያይ ግን ከሁለታችሁም ወገን እንዳይኖር።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ፍርድ ቦንጋ ሰምታ አታውቅም። ወንድሜ ግን ተነሳ።

«ጋሼ፣ አገሩ ብቻ አይበቃም። እዚያው አሜሪካም ሁለት ዓይነት አለ፤ የኩባንያውን…»

«ይኸው!» አለ የማንኪራው ሰው ታናሽ ወንድም ከኋላ ብድግ ብሎ። ቁጡ ነው፤ ከወንድሙ ጋር ቀፎ የሚሰቅል፣ ገጀራው ከወገቡ የማይለይ። «እህቷ ሳትመጣ ማምለጫ እያበጀ ነው!»

ሰው ሳቀ። ጋሼም «ልጄ፣ እውነት ከያዝክ ምን ያስፈራሃል?» አሉ። ወንድሜ ወደ አባቴ ዞረ፤ አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። እንቢ ቢል ሌባ ነኝ ማለቱ ነው። ተቀመጠና በቁርአን ማለ። የማንኪራው ሰውም በመስቀሉ ማለ።

መጀመሪያ የመጣው ጀርመናዊ ነበር። ሽማግሌዎቹ «አገሯ አይደለም» ብለው መለሱት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም አልመጣም። ወንድሜ ሱቅ ይከፍታል፣ ደንበኛ አይገባም። ከማንኪራው ሰው ጋር መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ነው የሚያየው።

በመጨረሻ አንድ ጢማም ወጣት አሜሪካዊ መጣ። የማንኪራው ሰው ራሱ ነው ከሆቴል ቀጥታ ወደ ዋርካው ያመጣው። ስልኩን አስቀድሞ አልከፈተውም፤ ምሏልና። ይህን አልክደውም፣ ቅን ሰው ነበር። ወጣቱ የባህል ትርኢት የሚያይ መስሎት በሰዉ መካከል እየሳቀ፣ እጅ እየጨበጠ ገባ። ጋሼ በእንግሊዝኛ አስረዱትና ስልኩን አወጣ። ጥቁር ነው፣ ቀይ አይደለም፤ ግን የአሜሪካ ነው። ጀርባውን ከፈተ። ባትሪውን አወጣ።

ከባትሪው ሥር፣ ጥፍር የምታክል፣ ሲም ካርድ ተኝታለች።

 ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩ፣ አጥልቀው አዩ። ከዚያ በዚያ በማይቸኩል የመምህር ድምፅ ወንድሜን «የራስህን ሲም አስገባባት» አሉት። ምናልባት አትሠራም ብለው ተስፋ አድርገውለት ይሆናል። ወንድሜ የራሱን ሲም አወጣ። እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ ሥራ ላይ ሲሆን አይንቀጠቀጥም። በገዛ እጁ አስገባ፣ ባትሪውን መለሰ፣ አበራው። ጋሼ ከራሳቸው ስልክ የወንድሜን ቁጥር ደወሉ።

ስልኩ ጮኸ። ዋርካው ሥር፣ በወንድሜ እጅ ላይ፣ የፈረንጅ ሙዚቃ እየዘፈነ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት በቃል ልገልጸው አልችልም። ወንድሜ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ «ይህ የሌላ ኩባንያ ነው! አንድ አይደሉም! ስሙኝ!» ሲል አየሁት እንጂ ድምፁ አይሰማም። የማንኪራው ሰው ታናሽ ወንድም በሰዉ ትከሻ መካከል ሲመጣም አየሁት። ገጀራው ለቀፎ የሚሆነውን እንጨት የሚጠርብበት ነው፤ የተሳለ ነው። የሰነዘረው ለአንገት ነበር። ወንድሜ ስልክ የያዘ እጁን ከለላ አደረገ።

ጣቶቹና ስልኩ አንድ ላይ ወደቁ። ጋሼ ደንግጠው መስመሩን አልዘጉትም ነበርና ስልኩ መሬት ላይ፣ ከጣቶቹ አጠገብ፣ አሁንም ይዘፍናል።

ታናሹ ገጀራውን እንደገና ሲያነሳ ክንዱን በጥርሴ ያዝኩት። ሲነቅሉኝ አፌ ውስጥ የሱ ደም፣ ነጠላዬ ላይ የወንድሜ ደም ነበር። በድንጋይ፣ በዱላ፣ በርጩማ ሁሉም ተቀጣቀጠ፤ ከኛ ጎን ያለ ቸርቻሪ መንጋጋው ተሰበረ፣ ከነሱ አንዱ ዓይኑ ጠፋ። ያ አሜሪካዊ ዋርካው ሥር ተንበርክኮ ያስመልሳል። አባቴ መሬት ላይ ተቀምጠው በሻሻቸው ጣቶቹን ይጠቀልላሉ።

ወንድሜን ሆስፒታል ያደረሰው የማንኪራው ሰው ነው። ሸሚዙን አውልቆ እጁን አሰረለት፣ ያን ቱሪስት እንዳዘለው አዘለውና ዳገቱን ሮጠ። ከኋላው እየተከተልኩ ጀርባውን በድንጋይ እመታዋለሁ፤ እሱ አይዞርም፣ ይሮጣል። ሐኪሙ ሻሹን ፈትቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። የቀሩለት አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ናቸው።

ታናሹ ታሰረ። በኋላ ሽማግሌዎቹ የማንኪራውን ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አሸክመው ቤታችን አመጡት። ስለፈሰሰው ደም ተንበረከከ። ወንድሜ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል።

«ለጣቶቼ ይቅር ብዬሃለሁ። ድንጋዩን ከማውረድህ በፊት አንዲት ነገር በል። አልሰረቅክም በለኝ።»

ሰውየው ከድንጋዩ ሥር ላቡ ይንጠባጠባል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አባቴን አየ፣ ጋሼን አየ።

«ለእጅህ ግደለኝ» አለ። «ግን ስልኩን እኮ በዓይኔ አየሁት፣ ሲጮኽም ሰማሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ውሸት ልጨምርበት?»

«እንግዲያው ድንጋይህን ይዘህ ሂድ።»

ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፣ ለመኑ፤ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቴ «እባክህ ልጄ፣ ይብቃን» ሲሉት እንኳ አልዞረም። ሰውየው ድንጋዩን እንደተሸከመ ወጣ፤ ከበራችን እስከ መንገዱ ድረስ እግሩ ሲጎተት ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከገጀራው ይልቅ የከፋ ነው። ወንድሜ በግራ እጁ መበየድ ተማረ፤ ያቃጥለዋል፣ ይሳደባል፣ እንደገና ይጀምራል። ያኛውን እጁን ከኪሱ አያወጣም፤ ሲበላም፣ ሰው ሲጨብጥም። «ሲም ቤቱን እንዳትወስድብኝ» ማለት የከተማው ቀልድ ሆነ። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ይህንኑ ሲል ትኩስ ሻይ ፊቱ ላይ ደፋሁበት፤ ቆዳው ተላጠ፣ እኔም ጣቢያ ዋልኩ። አባቴ ከአስር ሶላት በኋላ ከሰው ጋር መቀመጥ ተዉ፤ ቀጥታ ይመጣሉ፣ ጥጋቸውን ይዘው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። ሱቁን ሸጠን እንሂድ ይላሉ። ወንድሜ «ሌባ ተብዬ አልሄድም» ይላል። አባቴ ያኔ የጠየቁትን ጥያቄ ሁለተኛ አላነሱም፤ ወንድሜም አልመለሰላቸውም። በአንድ ገበታ እየበሉ ያ ጥያቄ በመካከላቸው እንደተቀመጠ ነበር።

ሌላ ክረምት መጣ። በገበያው ቀን፣ ሱቅ ገና ስንከፍት፣ የማንኪራው ሰው በር ላይ ቆመ። በዝናብ ረጥቧል፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። አንገቱ ላይ ድንጋይ አለ። ሽማግሌ አላስከተለም፤ ብቻውን፣ ከማንኪራ ጀምሮ ተሸክሞት ነው የመጣው። የአንገቱ ቆዳ ተልጦ ደም አለው።

«ትናንት ባልና ሚስት አስጎበኘሁ» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አሜሪካኖች ናቸው። የሴቲቱ ስልክ ወንዝ ውስጥ ገባ። ቤቴ ወስጄ እሳት አጠገብ ላደርቅላት ከፈትኩት። የለውም። ሲም ቤት የለውም! ልክ እንደዚያኛው፣ ለጥ ያለ ነው። የባሏን አሳየኝ አልኩት። የሱ አለው። ባልና ሚስት ናቸው እኮ! በአንድ መኪና መጥተው፣ በአንድ አልጋ እያደሩ፣ የሷ የለውም፣ የሱ አለው!»

በጥፊ መታሁት። በሁለተኛው ድንጋዩ ከአንገቱ ላይ ወደቀ፤ በሦስተኛው እሱም ወደቀ። እጁን አላነሳም። ድንጋዩን አንስቼ አናቱ ላይ ልለቀው ነበር፤ እንደማደርገው ራሴን አውቃለሁ። ወንድሜ በግራ እጁ ያዘኝ።

«ተይው። ለኔ አይደለም መንገር ያለበት፤ እኔማ አውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ ወደ ሰውየው ጎንበስ ብሎ «ሌባ የተባልኩት የት ነው? እዚያው ሄደህ ንገር» አለው።

የማንኪራው ሰው ተነሳ። ድንጋዩን ተሸከመና ገበያው መሀል ገባ፤ እኔና ወንድሜ ተከተልነው። ዝንጅብልና ኮረሪማ በሚሸጥበት ቦታ ቆሞ ጮኸ። በአማርኛ ጮኸ፣ በካፊኖኖ ጮኸ። አልሰረቀም፣ እኔ ነኝ የበደልኩት አለ። ሰው ከሚዛኑ ቀና ብሎ አየው። ቻርጀር አንጠልጥሎ የሚሸጥ አንድ ጎረምሳ «የትኛው ስልክ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላውም «ምንድነው የሚለው?» አለ። ረስተውታል። የወንድሜን ሦስት ጣት የበላውን ነገር፣ የአባቴን ጥርስ ያረገፈውን ነገር ረስተውታል።

ሰውየው ያን ጊዜ አበደ። ከደረቱ ውስጥ ያንን ቀይ ስልክ አወጣ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማስረጃ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ኖሯል። መሬት ላይ አኖረው፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ አንስቶ ወረደበት። አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። መስታወቱ ተረጨ፣ የራሱ ጣት ተጨፈለቀ፣ አላቆመም። «ፈልጉ! ሲም ቤት ያገኘ ያሳየኝ! ፈልጉ!» እያለ ስብርባሪውን በደማ እጁ ለሰው ይዘረጋል። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት «የጨርቅ ነጋዴው የሼሁ ልጅ እኮ ነው፤ ያ ሰርቋል የተባለው። አልሰረቀም ማለት ነው?» ስትል ሰማሁ።

አባቴም ሰሙ። ጩኸቱን ተከትለው ከሱቅ መጥተው ከኋላችን ቆመው ነበር። ሰዉን በክንዳቸው ገለል እያደረጉ አለፉ፤ ወደ ማንኪራው ሰው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ድንጋዩ ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። አቅፈው አነሱት። አንገታቸው ላይ አደረጉትና ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«ወስደህ ከሆነ ብዬ ጠይቄህ ነበር» አሉ። «እኔም ጠይቄህ ነበር።»

ወንድሜ ያን እጁን ከኪሱ አወጣ። በሰው ፊት ሲያወጣው የመጀመሪያው ነበር። ድንጋዩን ከአባቴ አንገት ላይ ሊያነሳ ያዘው፣ በሁለት ጣት ግን አልሆነለትም፤ ተንሸራተተበት። የማንኪራው ሰው ተነስቶ በወዲያኛው በኩል ደገፈለት፣ እኔም ከሥር ገባሁ፣ አወረድነው።